የኩማ አምስት ቱቦዎች

ኩማ ሰባት ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሦስት ቋሚ ርእሰ መምህራን መጥተው ሄደዋል። የትምህርት ቤቱ ቋሚ ዘበኛ ጡረታ ወጥቶ ሌላ ቋሚ ዘበኛ ተተክቷል። ኩማ ግን በየወሩ መጨረሻ «ለአንድ ወር ተራዝሟል» የምትል ቁራጭ ወረቀት ላይ እየፈረመ በማግስቱ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ይገባል።

ጋዋኑ የትምህርት ቤቱ አልነበረም። አዋሳ ሐይቅ ዳር ከነበረ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይዞት የወጣ ነው። ኩማ እዚያ አሥራ አራት ዓመት ዓሣ ሲያጸዳና ሲጠብስ ኖሯል። ሆቴሉ ሲወረስ ሠራተኛው በዛ ተባለና የተረፉት ወደየመሥሪያ ቤቱ ተበተኑ። መጀመሪያ ግን ቅጽ ሞሉ። «ልዩ ችሎታ» ከሚለው ፊት ለፊት ኩማ ብዙ ካሰበ በኋላ «ሙቀት መቆጣጠር» ብሎ ጻፈ። ቅጹን ያነበበው ሰው ላቦራቶሪ መደበው።

ሥራውን ወደደው። ብርጭቆ ማጠብ የትም ቢሆን ብርጭቆ ማጠብ ነው። አስተማሪ ዕቃ ሲያዘው በሳፋ ይዞ፣ ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጎ ያቀርባል፤ አሲድም ቢሆን። ተማሪዎቹ «ሼፍ» ይሉታል። የኬሚካሎቹ ስም በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ስለሆነ በየጠርሙሱ ላይ የራሱን ወረቀት ለጥፏል። በአንደኛው ላይ «ኮምጣጤ አይደለም» ይላል፣ በሌላው «ጨው ይመስላል፣ አይደለም»፤ ትንሿ ቡናማ ጠርሙስ ላይ ደግሞ «ተዋት»። የባዮሎጂ መምህርቷ ጸሐይወርቅ ከአዲስ አበባ ተመድባ ስትመጣ ይህን አይታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ወረቀቶቹን እንዳሉ ተወቻቸው። ከተለጠፉ ወዲህ ጣቱን ያቃጠለ ተማሪ እንደሌለ ነግረዋት ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሰርኩላር መጣ። ከአምስት ዓመት በላይ ያገለገለ ጊዜያዊ ሠራተኛ ሁሉ በሥራው ይፈተናል፤ ያለፈ ቋሚ ይሆናል። ወረቀቱን ያነበበችለት የአስተዳደር ጸሐፊዋ ወይዘሮ ደስታነሽ ነበረች። የመንግሥትን ደንብ በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ሲጠፋባቸው እሷ ዘንድ ይደውላሉ ይባላል።

«ያላለፈስ?» አላት ኩማ።

«ሰኔ ሠላሳ ይሰናበታል።»

«እንደ እስካሁኑ በጊዜያዊነት ቢቀጥልስ?»

«ጊዜያዊ የሚባል መደብ ቀርቷል፣ አቶ ኩማ።»

ኩማ አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ታቢታ ፒያሳ በረንዳ ላይ በሲንጀር ልብስ ትሰፋለች። ሁለት ልጆች ያስተምራሉ። ከላቦራቶሪው ቢወጣ የሚመለስበት ወጥ ቤት የለም፤ ሆቴሉ ከእሱ በኋላ የመጡትንም መልሶ ቀንሷል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ወይ ያልፋል፣ ወይ በአርባ ስምንት ዓመቱ ሥራ ፈት ይሆናል።

ፈተናውም ቀላል ነው ተብሏል። ሠራተኛው ከሥራው አንዱን መርጦ በኮሚቴ ፊት ይሠራል፣ የሠራውንም በአፉ ያስረዳል። ዘበኛ ቢሆን በር ከፍቶ ዘግቶ ለምን እንደከፈተ ይናገር ነበር። የላቦራቶሪ ረዳት ግን ሙከራ ማሳየት አለበት።

«ምን አለን?» አለች ጸሐይወርቅ።

ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። አንድ ቴርሞሜትር፣ ሃያ ሁለት የብርጭቆ ቱቦ፣ አንድ ቡታጋዝ፣ ከጠርሙሱ ሥር ሁለት ጣት የማይሞላ አልኮል።

«ቀይ ሥር» አለች።

«ሰላጣ ልሥራላቸው?»

«ሰላጣ አይደለም፣ ጋሽ ኩማ። ቀለሙ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደማይወጣ ነው የሚያሳዩአቸው።»

ኩማ ደረቱን ነፋ። በሆቴሉ ስሙ የተነሳው በዚሁ ነበር። የሱ ቀይ ሥር ድንቹን አያቀላም። ሌላው ልጦና ቆርጦ ሲቀቅል ውሃው ደም ይመስላል፤ ቀይ ሥሩ ይገረጣል። ኩማ ከነልጣጩ፣ ከነጅራቱ፣ ከግንዱም አንድ ጣት አስቀርቶ ነው የሚቀቅለው።

«ካልወጋሽው አይደማም» አላት።

«ለምን?»

«ስላልወጋሽው።»

ጸሐይወርቅ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ ጥቃቅን ክቦች ሣለች። ቀይ ሥር ማለት፣ አለችው፣ በዓይን የማይታዩ ከረጢቶች ክምር ነው። ሕዋስ ይባላሉ። ቀዩ ቀለም ያለው በየከረጢቱ ውስጥ ነው። ከረጢቱን የከበበው ስስ ሽፋን ከቅባትና ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ውሃ ያስገባል ያስወጣል፣ ቀለሙን ግን አያሳልፍም።

«ዘበኛ ነው» አለ ኩማ።

«ዘበኛ ይበሉት።»

«ከኛ ዘበኛ የሚሻል።»

ከዚያ ዘበኛውን የሚያሸንፉትን ነገረችው። ሙቀት አንዱ ነው። እስከ አርባ ዲግሪ ድረስ ግድ አይሰጠውም። ሃምሳን ሲያልፍ ግን ቅባቱ ይላላል፤ ፕሮቲኑም የእንቁላል ነጭ መጥበሻ ላይ የሚሆነውን ይሆናል። ሽፋኑ ይበሳሳል፣ ቀለሙ ይፈሳል። አልኮል ደግሞ ያለ ሙቀት ቅባቱን ያሟሟዋል።

«ሰካራም ዘበኛ» አለ ኩማ። እሱ መጠጥ የማይነካ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነውና ይህኛው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኘው።

«ኮሚቴው ፊት እንደሱ አይበሉ።»

«ለምን?»

«ከኮሚቴው የሚጠጣ አይጠፋም።»

ንግግሩን ራሷ ጻፈችለት፤ አንድ ገጽ ተኩል። ኩማ ሦስት ሳምንት ሸመደደው። ታቢታ ከስፌት ስትመለስ ጋዋኑን ለብሶ ሳሎኑ መካከል ቆሞ ይጠብቃታል።

«የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት ጓዶች፤ የቀይ ሥር ሕዋስ ስስ ሽፋን መርጦ የሚያሳልፍ ሲሆን...»

«ቆይ» ትላለች ታቢታ ጫማዋን እያወለቀች። «ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ቀብር?»

«ትምህርት ነው።»

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው ድምፅህ እንደዚህ የወረደው?»

ከፍ አድርጎ ይጀምራል። አሁን ደግሞ ገበያ ውስጥ የጠፋ በግ የሚያስለፍፍ ይመስላል ትለዋለች። መካከለኛውን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀ።

ሙከራውን ጠረጴዛ ላይ አምስት ብርጭቆ ደርድሮ ይለማመዳል። በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ በሁለተኛው ለብ ያለ፣ በሦስተኛው ስልሳ ዲግሪ የሞቀ፣ በአራተኛው ሊፈላ የደረሰ፣ በአምስተኛው አልኮል ይሆናል። እኩል እኩል የተቆረጠ ቀይ ሥር በየብርጭቆው ይጨምርና ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርት እንዳሉ ይቀራሉ። ሦስተኛው ሮዝ ይሆናል። ሌሎቹ ደም ይመስላሉ። ታቢታ የያዘችውን ልብስ እየሰፋች በዓይኗ ጥግ ታያለች። «የኔን ቀይ ክር በፈላ ውሃ ያጠበች ሴት ሁሉ ይሄንን ብታይ ጥሩ ነበር» አለች አንድ ቀን። እሱን እንደ ምስጋና ቆጠረው።

መከራው አልኮሉ ነበር። የትምህርት ቤቱ ለፈተናው ቀን ብቻ ነው የሚበቃው፤ ለልምምድ አረቄ ያስፈልጋል። አረቄ ያለው ሁለት ቤት አልፎ አረቄ ሻጯ ዘነበች ዘንድ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ አማኞቹ በየሰው ሳሎን ነው የሚሰበሰቡት፤ የዚህ ወር ተራው ደግሞ ከዘነበች ፊት ለፊት ነው።

«አንቺ ግዢልኝ» አላት ታቢታን።

«እኔ ስገዛ ለባሏ ነው ይላሉ። አንተ ስትገዛ ለራሱ ነው ይላሉ። በየትኛውም የጠጣኸው አንተ ነህ።»

«ለቀይ ሥር ነው በያት።»

አለቻት። ዘነበች ጠርሙሱን እየሞላች «ከቀይ ሥር ጋር መጠጣቱን አልሰማሁም ነበር። ለግፊት ነው?» ብላ ጠየቀች። በሳምንቱ ሁለት የጸሎት ቤት ወንድሞች መጡ። የታመመ ሊጠይቁ የመጡ ይመስል የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኩማ የጠረጠሩት ገባውና አምስተኛውን ብርጭቆ አምጥቶ አሳያቸው። ታላቁ ወንድም ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ አየው፤ አሸተተው።

«ወንድም ኩማ» አለ፤ «ይሄ ወይን ይመስላል፣ አረቄ ይሸታል፣ አንተ ቀይ ሥር ነው ትላለህ።»

ኩማ ገጽ ተኩሉን በሙሉ ተናገረላቸው። ጸልየውለት ሄዱ። ለፈተናው ይሁን ለአረቄው አልገለጹም።

ፈተናው ለሰኞ፣ ግንቦት 15፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተቀጠረ። ችግሩ እሁድ ነበር። ሰንበት ነውና ኩማ እሁድ ቢላዋ አይነካም። ታቢታ የእሁዱን ምግብ የምትሠራው ቅዳሜ ነው፤ እሱም በሆቴሉ ዘመን ከአለቃው ጋር የተጣላው በዚሁ ብቻ ነበር።

«ሰኞ ማለዳ ቁረጠዋ» አለችው ታቢታ።

«ማለዳ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«አሥራ አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት ዓሣ ስትቆርጥ አልተንቀጠቀጠም።»

«ዓሣው ደብዳቤ አይጽፍብኝም ነበር።»

ቅዳሜ ከገበያ ስድስት ቀይ ሥር ገዝቶ ላቦራቶሪ ገባ። ቡሽ በሚበሳበት የናስ ቱቦ እየወጋ እንደ ጣት ያሉ ዘንጎች አወጣ፤ በምላጭና በማስመሪያ ሠላሳ እኩል ቁራጭ ቆረጠ። አንዱ ከአንዱ አይለይም። ግን የተቆረጠ ቀይ ሥር በአዋሳ ሙቀት እስከ ሰኞ ይጠወልጋል፣ ይሸታል። የትምህርት ቤቱ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ወይዘሮ ደስታነሽ ፋይል ታስቀምጥበታለች። ከዓሣ ጋር የኖረ ሰው ደግሞ የሚበላሽ ነገር የት እንደሚያድር አይጠፋውም። ቁራጮቹን በዱቄት ወተት ጣሳ ከቶ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረደ።

የአሥጋሪዎቹ ማኅበር በረዶ ቤት ጠባቂ ሙክታር ከሆቴሉ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዕቃ ይዘው ሲመጡ ዛሬ ገና አየሁ። ምንድነው?»

«ቀይ ሥር። እስከ ሰኞ ይደርልኝ። የመንግሥት ነው፤ ደህና ብርድ ያለበት አድርገው።»

«ለእርስዎማ ከታች ነው እንጂ።»

ከታች ማለት ክብር ነው። በበረዶ ቤቱ ደንብ የዕለቱ ዓሣ ከላይ፣ በተፈጨ በረዶ መካከል ይቀመጣል፤ ይቀዘቅዛል እንጂ አይጠጥርም። ከታች የሚገባው ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ነው፤ እሱ ድንጋይ እስኪሆን ይቆያል። የሰው ዕቃ ከታች አይገባም። ሙክታር ይህን የሚያደርገው ለወዳጅ ብቻ ነው፤ ባለፈው ዓመት ለአማቱ እንኳ ከላይ ነበር ያስቀመጠላት። ኩማ ሁለት እጁን ሰጥቶ አመሰገነና ሄደ። እሁድን በሰላም ዋለ።

ሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጣሳውን ተቀበለ። ነቀነቀው። እንደ ጠጠር ተንኳኳ። ደስ አለው። ለዓሣ ሰው የሚንኳኳ ነገር ሁሉ ያልተበላሸ ነው።

ላቦራቶሪ ደርሶ ቁራጮቹን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከራቸው። ምላጭ የነካው ጎን ላይ የተቀደዱ ከረጢቶች አሉና የእነሱ ቀለም አስቀድሞ መታጠብ አለበት፤ ውሃው እስኪጠራ ይለቀለቃል። በልምምዱ ሦስት ጊዜ ይበቃ ነበር። ዛሬ ሦስተኛው ውሃ ቀይ ነው። አራተኛውም ቀይ ነው። ኩማ ሲደነግጥ የሚቆጥረው በሲዳምኛ ነው፤ አምስትን፣ ስድስትን፣ ሰባትን በሲዳምኛ ቆጠረ። ቁራጮቹ በጣቶቹ መካከል እንደ ራሰ ቡሽ ላሉ። ስምንተኛውን ውሃ ሲቀዳ ኮሚቴው ገባ።

ሰብሳቢው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው ጓድ ሽበሺ ነበር። ቀድሞ ታሪክ ያስተምር ነበር። አሁን አሻጥር ያጣራል፤ ጠመኔ ቢጠፋ አሻጥር ነው፣ ጣሪያ ቢያፈስ አሻጥር ነው። ወይዘሮ ደስታነሽ መዝገብና ትንሽ ታይፕ ይዛ ተቀመጠች። ሦስተኛዋ ጸሐይወርቅ ናት፤ የተፈታኙ አለቃ ስለሆነች እንዳትናገር ተነግሯታል።

ኩማ ጀመረ። ድምፁ ቀብርም ገበያም አልነበረም። ውሃውን አሞቀ፣ ቴርሞሜትሩን አነበበ፣ በአምስቱም ቱቦ ስድስት ስድስት ቁራጭ ጨመረ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ቱቦዎቹ በመስኮቱ ብርሃን ያበራሉ። «በመጀመሪያው ቱቦ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ጥርት እንዳለ ይቆያል» ብሎ ሳይጨርስ የመጀመሪያው ቱቦ ቀላ።

ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ወይዘሮ ደስታነሽ የሙከራው ወረቀት ግማሽ ሰዓት ይላል አለች፣ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ሆነ። አምስቱም ቱቦ አንድ ዓይነት ቀላ።

ጓድ ሽበሺ ተነስቶ ጎንበስ አለ።

«ጓድ ኩማ፣ የትኛው ነው ቀዝቃዛው?»

«ይሄ።»

«የፈላውስ?»

«ያ።»

«ቦታ ባለዋውጣቸው ታውቃቸዋለህ?»

«ከነካኋቸው።»

ወይዘሮ ደስታነሽ ፊቷን በመዝገቡ ሸፈነች።

«ቅዝቃዜ ቀለሙን ይይዛል ብለሃል» አለ ጓድ ሽበሺ። «አልያዘም። ወይ ትምህርቱ ውሸት ነው፣ ወይ ይሄ ቀይ ሥር አሻጥር አለበት።»

ገጽ ተኩሉ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ኩማ ቀይ ሥሩን የሸጠችለትን ሴት መውቀስ ይችል ነበር፤ ገበያ ናት፣ አትሰማም። ግን አሻጥር ተብሎ ስሙ የተጻፈ ሰው በዚያ ዘመን መልስ የሚሰጠው ቀበሌ ቆሞ ነው። ትምህርቱ ውሸት ነው ከተባለ ደግሞ የምትጠየቀው ጸሐይወርቅ ናት፤ ከንፈሯን ነክሳ ጣሳውን ታያለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ኩማ። «ያሳደርኩት እኔ ነኝ።»

«የት?»

«አሞራ ገደል። የዓሣ በረዶ ቤት። ከታች።»

«የመንግሥት ቀይ ሥር ከዓሣ ጋር አድሯል?»

«ሁለት ሌሊት።»

ጓድ ሽበሺ ወደ ወይዘሮ ደስታነሽ አየ፤ እየጻፈች ነው። «ቢሆንስ» አለ፤ «በረዶም ቅዝቃዜ ነው። እንዲያውም አጥብቆ መያዝ ነበረበት።»

ኩማ ከመጀመሪያው ቱቦ አንድ ቁራጭ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ቁራጩ ተኛ፤ ዙሪያውን ቀይ ውሃ አቆረ። ይህን ነገር አይቶታል። ሳህን ላይ፣ ብዙ ጊዜ፣ አሥራ አራት ዓመት።

«ጓድ ሽበሺ፣ ዓሣ ይበላሉ?»

«እበላለሁ።»

«ከሐይቁ እንደወጣ ሲጠበስ ሥጋው ጥብቅ ይላል። ከበረዶ ቤት ታች የወጣው ግን ሲቀልጥ ሳህኑ ላይ ውሃ ያቆራል፣ ይላላል። እንግዳው እንዳያውቅ ዱቄት እናበዛበት ነበር።»

«የት ሆቴል?»

«ያኔ የግል ነበር» አለ ኩማ ፈጠን ብሎ። «ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል። ስንት የጋዝ ውሃ ጠርሙስ በረዶ ቤት ረስተን ፈንድቶብናል። በከረጢቶቹም ውስጥ ያለው ውሃ ነው። በረዶ ሲሆን አብጦ፣ እንደ መርፌ ሾሎ ሽፋኑን ይቀደዋል። ጠጥሮ እያለ አይታወቅም፤ ሲቀልጥ ነው የሚፈሰው። መቀዝቀዝ ሌላ፣ መጠጠር ሌላ ነው። ሙቀት ዘበኛውን ያዳክመዋል። አልኮል...» ወደ ጸሐይወርቅ አየ። «አልኮልም ያዳክመዋል። በረዶው ግን አጥሩን ነው ያፈረሰው። አጥር ከፈረሰ በኋላ ብናሞቀው ብናቀዘቅዘው ያው ነው። አምስቱም አንድ የሆኑት ለዚያ ነው።»

ጸሐይወርቅ እንዳትናገር ታዝዛለች። ለአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ስለ መነቅነቅ ደንቡ ምንም አይልም።

«ማስረጃ?» አለ ጓድ ሽበሺ።

«በረዶ ያልነካው ጥሬ ቀይ ሥር ስጡኝ።»

ወይዘሮ ደስታነሽ የመምህራን ክበብ የዕለቱን ምሳ ታውቃለች፤ ወጥታ አንድ ቀይ ሥር ይዛ ተመለሰች። ኩማ ቆረጠ። አሁን ቁራጮቹ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆኑ። ሦስት ጊዜ ለቀለቃቸው። ሦስተኛው ውሃ ጠራ። በቀዝቃዛ ውሃ ቱቦ ውስጥ ከተታቸውና ወይዘሮ ደስታነሽ ሰዓቷን ይዛ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ጓድ ሽበሺ ቱቦውን አንስቶ በመስኮቱ በኩል አየ። ውሃው እንደተቀዳ ነው። ኩማ እነዚያኑ ቁራጮች አዲስ ባፈላው ውሃ ውስጥ ገለበጣቸው። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ቀላ።

«ውጭ ጠብቅ» አለው ጓድ ሽበሺ።

የላቦራቶሪው በር አጥብቆ አይዘጋም። ኩማ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳይፈልግ ሁሉንም ሰማ፤ በእርግጥ ጆሮውንም ትንሽ ወደ ስንጥቁ አስጠግቶ ነበር።

«ማብራሪያው አልፏል» አለ የጓድ ሽበሺ ድምፅ። «ዝግጅቱ ወድቋል። እኩል ሲሆን ሰርኩላሩ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም» አለች ወይዘሮ ደስታነሽ።

«እንግዲያው ውሳኔውን ለበላይ እንመልሰው። ለዝግጅቱ ግን አሁኑኑ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። ጻፊ። የመንግሥትን ቀይ ሥር ያለ ፈቃድ ከግቢ በማውጣትና ከዓሣ ጋር ለሁለት ሌሊት በማሳደር...»

የታይፕ ድምፅ ተሰማ፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ቆመ።

«ጓድ፣ ማስጠንቀቂያ ለጊዜያዊ ሠራተኛ አይሰጥም።»

«ለምን?»

«የግል ማኅደር የለውም። የት አስገባዋለሁ?»

«ክፈቺለት።»

«ማኅደር የሚከፈተው ለቋሚ ነው።»

ወንበር ተንቋቋ። በበላይ ዘንድ ወረቀት ስንት ወር እንደሚተኛ ሁሉም ያውቃል፤ ሰኔ ሠላሳ ደግሞ አርባ አምስት ቀን ብቻ ነው የቀረው።

«ታዲያ ሳይቀጣ ይቅር ነው የምትዪኝ?»

«ወይም ቋሚ አድርገን እንቅጣው።»

ከዚያ ጸሐይወርቅ ጠዋቱን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«እኔ ቅጣቱን እደግፋለሁ» አለች።

«ጥፋትማ ሳይቀጣ አይቀርም» አለ ጓድ ሽበሺ። ሲያስብ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ይመታል፤ አራት ጊዜ መታው። «ቋሚ ይሁን።»

ወይዘሮ ደስታነሽ ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ጠራችው። አዲስ ማኅደር ጠረጴዛዋ ላይ ተከፍቷል፤ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። ውስጡ ሁለት ወረቀት አለ። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ስለተተየበ ገጽ አንድ ሆኗል፤ የቋሚነቱ ደብዳቤ ገጽ ሁለት ነው። እስከ ጡረታው ድረስ ማኅደሩን የሚከፍት ሁሉ ስለ ኩማ አስቀድሞ የሚያውቀው ቀይ ሥር ከዓሣ ጋር ማሳደሩን ነው።

«መጀመሪያ ሁለተኛውን ይፈርሙ» አለችው፤ «ያለዚያ አንደኛው አይጸናም።»

ፈረመ። ከዚያ ገጽ አንድ ላይ፣ «ጥፋቴን አምኛለሁ» በሚለው ሥር፣ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ በጥንቃቄ ጻፈ። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት።

«ማስጠንቀቂያ ነው እኮ፣ አቶ ኩማ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ለታቢታ የሚሆን አንድ ቅጂ ይኖራል?»

ካርቦን አላስገባችበትም ነበር። ወይዘሮ ደስታነሽ ሁለት ወረቀት በመካከላቸው ካርቦን አድርጋ ታይፑ ላይ አስገባችና ማስጠንቀቂያውን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ተየበችው።